በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጥኖ መምህር ስለ መሆን

የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በዋናነት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚያፈሩ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ተጠሪነታቸው ለክልል ትምህርት ቢሮዎች በመሆኑ የመግቢያ ነጥብ፣ የምዝገባ ጊዜና የሠልጣኞች ብዛት በየክልሉ ይለያያል። በአንድ ክልል የወጣ መስፈርት በሌላው አይሠራም፤ አመልካች ይህን ሳያጣራ ከተነሣ ለከንቱ ጉዞና ወጪ ይዳረጋል። ማስታወቂያውን ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም ከኮሌጁ ሬጅስትራር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ቀደም ሲል 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ተማሪዎች በ10+3 መርሐ ግብር ለዲፕሎማ ይበቁ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ግን 12ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ መነሻ ሆኗል።

ከነጥብ ባልተናነሰ ቋንቋ ወሳኝ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ትናንሾቹ ኮሌጆች በትልልቅ ከተሞች የማይገኝ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ የእንጅባራ ኮሌጅ ለአዊኛ፣ የሰቆጣው ደግሞ ለኽምጣና ተጠቃሾች ናቸው። ቋንቋውን በቤት መናገር ብቻውን አያበቃም። ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ራሱ በቋንቋው አጥርቶ መጻፍ ይኖርበታል።

የሥልጠናው ዋና አካል በትምህርት ቤት የሚከናወነው የማስተማር ልምምድ፣ በተለምዶ ፕራክቲከም የሚባለው ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ነባሩን መምህር ይመለከታል፤ ቀጥሎም ደብተር በማረምና ደካማ ተማሪዎችን በመርዳት ያግዛል፤ በመጨረሻ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ክፍሉን ራሱ ይይዛል። የኮሌጁ መምህርና የትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህር ይገመግሙታል። ለጓዶቹ በማስተማር የተለማመደ ሠልጣኝ በተማሪ በተጨናነቀ ክፍል ፊት ሲቆም ያዘጋጀው ዕቅድ በ10 ደቂቃ ሊያልቅበት፣ ወይም እስከ ደወሉ ከመግቢያው ሳያልፍ ሊቀር ይችላል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ልምምዱ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። ልምምዱን በተጓደለ ክትትል ያለፈ ሠልጣኝ ግን ጉድለቱን ይዞት ወደ ሥራ ይገባል።

የመኝታና የምግብ አገልግሎት በሁሉም ኮሌጅ አይገኝም። ቤት ተከራይተውና ከቤተሰብ ስንቅ እያስመጡ የሚማሩ ስላሉ ወጪውን ከምዝገባ በፊት ማስላት ይጠቅማል።

ሠልጣኙ ከምረቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያገለግል ውል የሚያስፈርም ክልል ካለ፣ የአገልግሎቱን ዘመን፣ የዋሱን ኃላፊነትና ሥልጠናውን ማቋረጥ የሚያስከትለውን ክፍያ ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ምደባው ከከተማ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችልም አመልካቹና ቤተሰቡ ከወዲሁ ይምከሩበት።

በግል ተቋም ለመሠልጠን የሚፈልግ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ተቋሙ ለዚሁ የሥልጠና መስክ የጸና ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ አለበት። ለሌላ መስክ የተሰጠ ፈቃድ የመምህርነት ሥልጠናን አይሸፍንም።