በሮማ የታተመው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንና ሦስቱ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት

ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሻገር ሰው ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ በጎሐ ጽዮን በኩል ሲወጣም ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያደርሰውን መንገድ ያገኛል። ከቢቸናና ከሞጣ፥ ከዲማና ከደብረ ወርቅ የሚነሡ ምእመናን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም ለመሳለም ይህንኑ ቍልቍለትና ዐቀበት ሲመላለሱበት ኖረዋል። የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ግን በፈንታቸው ከዚህ እጅግ የሚርቅ መንገድ ነበራቸው፤ ይኸውም ወደ ኢየሩሳሌም፥ ከኢየሩሳሌምም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሮማ የሚያደርሰው ነው። በዚህ መንገድ ከሄዱት መካከል አባ ተስፋ ጽዮን፥ አባ ተንሥአ ወልድና አባ ዘሥላሴ የግዕዝን ሐዲስ ኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተሙ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ይህ ስፍራ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ኾኖ ተሰጠ። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ከተማ ካህን በሮማ ሳለ፥ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋቸውን ባያውቅም የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለይቶ ሰማና ተደነቀ፤ ከዚያም ከመነኰሳቱ አንዱ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ፊደልና ንባብ አስተማሩት። ተማሪውና መምህሩ ተባብረውም በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተሙ። በኢትዮጵያ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን ተሳስቶ ከለዳዊ ብሎታል፤ ነገር ግን ሥራው የሚመሰገን ነው።

ከዚህ በኋላ በሀገር ቤት መከራ መጣ። ከ1529 እስከ 1543 በቈየው የግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተቃጠሉ፤ ደብረ ሊባኖስም ከነዚሁ አንዱ ኾነ። በምሥራቅ ጎጃም ንግሥት እሌኒ ያሠሩት መርጡለ ማርያምም ከዚህ ጥፋት አልዳነም። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ግድግዳውና ጣራው ብቻ አይጠፋም፤ በዕቃ ቤቱ ያለው ብራናም አብሮ ዐመድ ይኾናል። አንድ ቁም ጸሐፊ ቆዳ ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ መቃ ቀርጾ አንድ ወንጌል ለመጨረስ ብዙ ወራት ይደክማል፤ እሳት ግን ያን ድካም በአንዲት ሌሊት ይበላዋል። አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሮማ የተቀመጡት ሀገራቸው በዚህ ኹኔታ ሳለች ነው።

የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 3ኛ አባ ተስፋ ጽዮንን በመልካም ተቀበሏቸው፤ ፔትሮ ፓውሎ ጓልቴሪ የሚባል የተማረ ሰውም በሥራው ረዳቸው። የሐዲስ ኪዳኑ የመጀመሪያው ክፍል ከሥርዓተ ቅዳሴ ጋር በ1548፥ የቀሩት የጳውሎስ መልእክታት ደግሞ በ1549 ታትመው ወጡ። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ብራና ጐደሎ ስለ ነበረ፥ የጐደለውን ከላቲንና ከጽርእ ወደ ግዕዝ እየመለሱ ሞሉት።

የሥራው ችግር ከምንም በላይ በማተሚያ ቤቱ ነበረ። የላቲን ፊደል ከሃያ ጥቂት ይበልጣል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ሃያ ስድስቱ በሰባት ሲባዙ 182፥ ከዲቃሎቹ ጋር 202 ይኾናል። ለእያንዳንዱ ፊደል ቅርጽ ማውጣት፥ በእርሳስ ማፍሰስ፥ በየሣጥኑ መለየት ያስፈልጋል። ፊደል ለቃሚዎቹ ኢጣልያውያን ስለ ነበሩ ግዕዝ አያነቡም፤ በዚያም ላይ የእርሳስ ፊደል ተገልብጦ የሚታይ ነውና ሀን ከሐ፥ ሰን ከሠ ለይቶ ማረም እጅግ ያስቸግር ነበር። መነኰሳቱ ደግሞ ማንበቡን እንጂ የማተሙን ጥበብ አያውቁም። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ አባቶችንና ወንድሞችን ይቅርታ ለመኑ፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እርስ በርሳችን ተረዳዳን በማለት ስሕተቱን ሳይሸሽጉ ገለጹ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። የብራና ስሕተት በአንድ መጽሐፍ ይወሰናል፤ ጸሐፊው በካራ ፍቆ ያርመዋል። የማተሚያ ስሕተት ግን በአንድ ጊዜ በታተመው መጽሐፍ ኹሉ ይገባል፥ አይፋቅምም። እንግዲያስ ጥሩ ፊደል ለቃሚና የተሟላ ብራና እስኪገኝ መታገሥ አይሻልም ነበርን? መታገሥማ መልካም በኾነ፤ ነገር ግን በሀገር ቤት ብዙ መጻሕፍት ነደው ስለ ነበር፥ ጐደሎ ኾኖ የተረፈ ፍጹም ኾኖ ከጠፋው ይሻላል። መነኰሳቱም ስሕተቱን ራሳቸው ስለ ተናገሩ በኋላ የሚነሣው ሊቅ እንዲያርመው በር ከፈቱለት።

ፍሬውም ታየ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1657 በለንደን በተፈጸመው የብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የገባው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን ይኸው የሮማው እትም ነው፤ ከስሕተቱ አልጸዳም። በ1649 ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በሮማ በዚያው በኢትዮጵያውያን ቤት አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። የሁለቱ ወዳጅነት ለግዕዝና ለአማርኛ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጻሕፍት፥ ኋላም ለታሪክ መጽሐፍ መነሻ ኾነ። ይህ ኹሉ ከቶማስና ከፖትከን ጀምሮ የወረደ ነው፦ ፊደል የሚያውቅ እንግዳና ጥበብ የሚያውቅ ባለ ሀገር ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ጕድለት ሞላ።

አባ ተስፋ ጽዮን ግን ወደ ደብረ ሊባኖስ አልተመለሱም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኢጣልያ ዐርፈው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀበሩ። ማተሚያ ወደ ሀገራችን እስኪገባና እስኪደላደል ድረስም ብዙ ዘመን ዐለፈ። በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ አብረዋቸው ነበሩ፤ የጕዞውን አኳኋን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደስታና ክብር በተባለው መጽሐፍ ጽፈው አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ያን ጊዜ ፊደሉን የሚለቅመውም፥ ስሕተቱን የሚያርመውም የሀገር ልጅ ነበረ። አባ ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው በሮማ ያጡት ይህ ነው። እንግዲህ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ሁሉ ነገሩ ተመቻችቶለታልና፥ እነርሱ በችግር መካከል ያላፈሩበትን ሁለት ነገር ሊተው አይገባውም፤ ይኸውም ከባልንጀራ ጋር ተጋግዞ መድከምና የተሳሳቱትን በግልጥ መናገር ነው።