የሰውነት ሚዛን እንዴት ይለካል?
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ሰው ትኩሳት ቢይዘው ቴርሞሜትሩ ይመሰክርለታል፤ አጥንቱ ቢሰበር ራጅ ያሳይለታል። ነገር ግን «ምድር ትዞርብኛለች፤ ግድግዳው ይሸሸኛል» የሚል ሰው ለአቤቱታው ማንን ምስክር ይጠራል? ቁስል የለው፤ እብጠት የለው፤ ሲራመድ ግን ግራና ቀኝ ይንገዳገዳል። የሚያየው ሰው አንዱ ሰክሯል ይለዋል፤ ሌላው አእምሮው ታውኳል ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥራ ሸሽቶ ነው ብሎ ይጠረጥረዋል። በዛሬው ንግግራችን ለዚህ ዓይነቱ በሽተኛ ምስክር እንዴት እንደ ተገኘለት፣ ይኸውም የሰውነትን ሚዛን የመለካት ጥበብ በምን መንገድ እንደ ተደረሰበት ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ጸንቶ የሚቆመው በሦስት ረዳቶች ነው። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው በእግር ጫማ፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ያለው ስሜት ነው። ሦስተኛው በውስጠኛው ጆሮ የተሰወረው የሚዛን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በራስ ቅል አጥንት ውስጥ የተቀበረ ሆኖ፣ ሦስት ጥቃቅን ግማሽ ክብ ቦዮችና የምድርን ስበት የሚያስታውቁ ሁለት ከረጢቶች አሉት። ቦዮቹ ፈሳሽ የመላባቸው ስለ ሆኑ፣ ራስ በዞረ ጊዜ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት በውስጣቸው ያሉት ስስ ጠጉሮች ይጎነበሳሉ፤ ወሬውም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። ከሦስቱ ረዳቶች አንዱ ቢደክም ሁለቱ ስለሚሸፍኑለት፣ ጉድለቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሚዛን ልክ ታሪክ ማለት ሁለቱን ምስክሮች ዝም አሰኝቶ ሦስተኛውን ብቻውን የማናገር ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና እጅግ ቀላል ነበር። የበርሊኑ ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ በ1840ዎቹ ዓመታት በሽተኛውን እግሮቹን ገጥሞ እንዲቆምና ዓይኖቹን እንዲጨፍን ያዘው ነበር። ዓይኑ ተገልጦ ሳለ ጸንቶ የቆመው ሰው ዓይኑን በጨፈነ ጊዜ ቢንገዳገድ፣ እስከዚያ ድረስ የደገፈው ዓይኑ ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። ሮምበርግ ይህን ያየው ሕብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ነው እንጂ በጆሮ ሕመምተኞች አይደለም። ሆኖም ፈተናው ዛሬም በየሐኪም ቤቱ ይሠራበታል፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ጆሮ በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ እንዳለው ፍንጭ የሰጠው ፈረንሳዊው ፒየር ፍሉራንስ ነበር። በ1820ዎቹ ዓመታት የርግቦችን የጆሮ ቦዮች ቢቆርጥ፣ ርግቦቹ መስማታቸውን ሳያጡ ራሳቸውን እያወዛወዙ መዞር ጀመሩ። ሐኪሞች ግን ነገሩን ከሰው ሕመም ጋር ለማያያዝ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ራሱ የሚዞርበትን ሰው ሁሉ ደም ወደ አንጎሉ ወጥቶበታል እያሉ ደሙን ያፈስሱት ነበር።

በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ሐኪም የነበረው ፕሮስፔር ሜኒየር በ1861 ዓ.ም. በጥር ወር በሕክምና አካዳሚ ፊት ቆሞ ይህን አሳብ ተቃወመ። የጆሮ መጮኽ፣ የመስማት መቀነስና የማዞር ሕመም በአንድነት የሚመጡት ከውስጠኛው ጆሮ ነው አለ። ለማስረጃም የአንዲት ወጣት ሴት ታሪክ አቀረበ። ይህች ሴት በድንገት ደንቁራ፣ ማዞርና ማስታወክ ይዟት፣ በአምስተኛው ቀን ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ የጆሮዋ ቦዮች ግን ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ መልቶባቸው ነበር። ሜኒየር በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ በሽታውም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1882 ዓ.ም. አንድ አስደናቂ ቁጥር አወጣ። ስለ 519 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቢያጣራ፣ 186ቱ ምንም ያህል ቢሽከረከሩ ከቶ የማይዞርባቸው ሆነው ተገኙ፤ 134ቱ ጥቂት ብቻ ይዞርባቸዋል፤ የቀሩት 199 እንደ ማንኛውም ሰው ናቸው። ከሃርቫርድ ኮሌጅ 200 ከሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን መካከል ግን የማይዞርበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እንግዲህ ማዞር ራሱ የጤናማ ጆሮ ምልክት ነው ማለት ነው።

ይህን ምልክት ወደ መለኪያ የለወጠው በ1876 ዓ.ም. በቪየና የተወለደው ሮበርት ባራኒ ነው። ባራኒ የበሽተኞቹን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ ብዙዎቹ ዞረብን ይሉ ነበር። ዓይናቸውን ቢመለከት፣ ብሌናቸው ወደ አንድ ወገን በዝግታ ሄዶ ወደ ሌላው በፍጥነት እየተመለሰ ይንቀጠቀጣል። ውኃው ቀዝቃዛ ሲሆን ፈጣኑ እንቅስቃሴ ከታጠበው ጆሮ ወደ ተቃራኒው ወገን ይሆናል፤ ሙቅ ሲሆን ደግሞ ወደ ታጠበው ጆሮ ይዞራል። ባራኒም በመታጠቢያ ቤት ማሞቂያ ውስጥ ሙቁ ውኃ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛውም ከታች እንደሚቀር አስታወሰ፤ በጆሮ ቦይ ያለውም ፈሳሽ እንዲሁ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል ብሎ ደመደመ። ጆሮው የሞተ እንደ ሆነ ግን ውኃው ቢፈስስም ዓይኑ አይንቀሳቀስም። በሽተኛው ማስመሰል፣ ሐኪሙም መጠራጠር የማይችሉበት ምስክር እነሆ ተገኘ።

ለዚህም ሥራው የ1914 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዜናው ሲነገር ግን ባራኒ በፕርዜሚሽል ምሽግ ተማርኮ በሩሲያ የጦር እስረኛ ነበረ። የስዊድኑ ልዑል ካርል በቀይ መስቀል ስም ስለ ማለዱለት በ1916 ዓ.ም. ተፈታ። በኋላም በስዊድን አገር በኡፕሳላ ኖሮ በ1936 ዓ.ም. ዐረፈ። በ1942 ዓ.ም. ፊትዝጀራልድና ሃልፓይክ የተባሉ የለንደን ሐኪሞች የውኃውን ሙቀት 30 እና 44 ዲግሪ ብለው ወሰኑት፤ ከሰውነት ሙቀት በ7 ያነሰና በ7 የበለጠ መሆኑ ነው። በዚህም የአንዱን ሆስፒታል ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት ተቻለ። በ1983 ዓ.ም. በጠፈር መንኮራኩር ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ስበት በሌለበትም ስፍራ ዓይን እንደሚንቀጠቀጥ ስለ ታየ፣ የባራኒ ማብራሪያ ብቻውን ሙሉ እንዳልሆነ ታውቋል፤ መለኪያው ግን ጸንቶ ቀርቷል።

የዚህ ክፍል መጥፋት ምን ማለት እንደ ሆነ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በ1952 ዓ.ም. ስለ ራሱ ጽፏል። ለነቀርሳ የተሰጠው ስትሬፕቶማይሲን የሚዛን ስሜቱን አጥፍቶበት ነበር። አልጋ ላይ ተኝቶ ሲያነብ የልቡ ምት ራሱን ስለሚነቀንቀው ፊደሎቹ ይዘሉበታል፤ ስለዚህ ራሱን በአልጋው ራስጌ በሁለት ብረቶች መካከል አጣብቆ ያነብብ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥበቡ የቆመውን ሰው ወደ መለካት ተመለሰ። አሜሪካዊው ሉዊስ ናሽነር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ምርምር፣ በሽተኛው በሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ ይቆማል። መድረኩና በፊቱ ያለው ግድግዳ ሰውነቱ ሲያዘነብል አብረው ያዘነብላሉ፤ ስለዚህ እግሩና ዓይኑ የተሳሳተ ወሬ ይሰጡታል። በስድስት ዓይነት ሁኔታ ተፈትኖ፣ በጆሮው ብቻ መቆም ሲገባው የሚወድቅ ከሆነ ጉድለቱ ይታወቃል። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሃልማጊና ከርቶይስ በአውስትራልያ የበሽተኛውን ራስ በድንገት ጥቂት አዙረው፣ ዓይኑ ያየው ከነበረው ነገር ላይ መሸሽ አለመሸሹን በመመልከት የሚፈትኑበትን ዘዴ ገለጡ። ይህም እንደ ሮምበርግ ፈተና ከሁለት እጅና ከአንድ አስተዋይ ዓይን በቀር ሌላ መሣሪያ አይሻም።

ክቡራን አድማጮች፤ መለካት ብቻውን አያድንም፤ የመዳንን መንገድ ግን ያመለክታል። ጉድለቱ የጆሮ መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው፣ በሥርዓት በተዘጋጀ የራስ፣ የዓይንና የአካሄድ ልምምድ የቀሩትን ሁለት ረዳቶች አሠልጥኖ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ግድግዳ እየያዘ የሚሄድ ባልደረባ ብናይ፣ ለመፍረድ አንቸኩል፤ ደግፈን ወደ ሐኪም እናድርሰው። ሊመሰክርለት የሚችለው ምስክር በጆሮው ውስጥ አለና።