ከምላስ ጠፍታ ከወረቀት ያልጠፋችው «ዲ»

ረቡዕን በእንግሊዝኛ «ዌንስዴይ» ትሉታላችሁ፤ ስትጽፉት ግን መሃሉ ላይ የማትነበብ «ዲ» አለች። እኔ ተማሪ ሳለሁ እሷን ረስቼ አንድ ማርክ ተቀንሶብኛል። «ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?» ብዬ መምህሩን ብጠይቃቸው «ዝም ብለህ ሸምድድ» አሉኝ። ሸመደድኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ!

ፊደሏ ለካ የአምላክ ስም ቁራጭ ናት። የጥንት እንግሊዞች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ዎደን የሚባል አምላክ ነበራቸው፤ ስካንዲኔቪያኖች ኦዲን የሚሉት ማለት ነው። ቀኑም «የዎደን ቀን» ተባለ። እያደር «ድ»፣ «ን» እና «ስ» ተደራርበው ምላስ ላይ ሲከብዱ ሰው በንግግሩ «ዲ»ዋን ዋጣት፤ አጻጻፉ ግን እንደያዛት ቀረ።

እሺ፣ ዎደን ለምን ረቡዕ ላይ ተገኘ? ሮማውያን ዕለቱን የሜርኩሪ ቀን ይሉት ነበር። የሰሜኖቹ ሰዎች ይህን ወደ ራሳቸው አማልክት መለሱት፦ ማርስን በቲው (ማክሰኞ)፣ ሜርኩሪን በዎደን፣ ጁፒተርን በነጎድጓዱ ጌታ በቶር (ሐሙስ)፣ ቬነስን በፍሪግ (ዓርብ)። ቅዳሜን ግን እንዳለ ተዉት፤ እስከ ዛሬ የሮማው ሳተርን ስም አለበት። የእኛዎቹ «ረቡዕ» እና «ሐሙስ» ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ ከእሑድ ተቆጥረው አራተኛና አምስተኛ ማለት ብቻ ናቸው።

እኔን እንደ ኢንጂነር የሳበኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ጥንታውያን ሰባቱን የሰማይ አካላት ከሩቁ ወደ ቅርቡ ሲደረድሩ ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ፣ ፀሐይ፣ ቬነስ፣ ሜርኩሪ፣ ጨረቃ ይሉ ነበር። የሳምንቱ ቀናት ግን በዚህ ተራ አይሄዱም። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ ከሰጣቸው ሁለት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱ ሰዓት በተራ ለአንዱ አካል ይሰጣል፤ ቀኑም በመጀመሪያው ሰዓት ባለቤት ይሰየማል። እንግዲህ 24ን ለ7 አካፍሉ፤ 3 ይተርፋል። ስለዚህ የነገው ስም ሁልጊዜ ከዛሬው ሦስት እርምጃ ወደፊት ነው። ከሳተርን ሦስት ስትራመዱ ፀሐይ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከቅዳሜ ቀጥሎ እሑድ፣ «ሰንዴይ»። ከፀሐይ ሦስት ስትራመዱ ደግሞ ጨረቃ፤ «መንዴይ»። መጨረሻ ላይ ስትደርሱ ከመጀመሪያው ቀጥሉና ማክሰኞ ላይ ማን እንደሚወጣ ራሳችሁ ቁጠሩ።