ታጥፎ የሚቀመጠው ሰማያዊ ባንዲራ

ዛሬ ትንሽ ታሪክ ይዤላችሁ መጣሁ። ደቡብ ሊባኖስ፣ ሱርና ናቁራ አካባቢ የሰራችሁ ሰማያዊ ቆብ ያደረጉትን የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ሳታዩ አትቀሩም። ዩኒፊል ይባላሉ። የመጡት በፈረንጆች 1978 መጋቢት ወር ነው።

ከነሱ መሃል የጦር መሐንዲሶች አሉ። የነሱ ስራ መተኮስ አይደለም፤ መንገድ መጠገን፣ ድልድይ መስራት፣ ፈንጂ ማምከን ነው። የ2006ቱ ጦርነት ነሐሴ 14 (በፈረንጅ ኦገስት) ሲቆም ደቡቡ በክላስተር ቦምብ ተሞልቶ ቀረ። ብዙው የተጣለው ጦርነቱ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ሳይፈነዳ የቀረው የወይራ ዛፍ ስር፣ የትንባሆ ማሳ ውስጥ፣ ቤት ደጃፍ ላይ ተበትኖ ነበር። ገበሬው የገዛ ማሳውን ፈራው።

የቻይናና የቤልጂየም መሐንዲሶች፣ በኋላም የካምቦዲያ ልጆች ያንን መሬት ለማጽዳት መጡ። ካምቦዲያ ራሷ ፈንጂ ለብዙ ዓመት ያስለቀሳት አገር ናት፤ ከላከቻቸው አምካኞች መሃል ሴቶችም አሉበት። በዚያ ሙቀት ከባድ መከላከያ ለብሰው፣ ተንበርክከው፣ መሬቱን ስንዝር በስንዝር ይፈትሻሉ። ድንበር ላይ በሚገኘው ሰማያዊ መስመር አንድ ምልክት በርሜል ለማቆም እንኳን መጀመሪያ በፈንጂው መሃል መተላለፊያ መጥረግ ነበረባቸው።

ግዳጃቸው ሲያልቅ ብዙ ሰላም አስከባሪዎች ባንዲራ ለማስታወሻ ይዘው ይመለሳሉ። ጓደኞቻቸው ስማቸውን ይፈርሙበታል፤ አንዱ ሳጥን ውስጥ አጥፎ ያኖረዋል፣ ሌላው በፍሬም ሳሎን ይሰቅለዋል። ባንዲራው ላይ ዓለምን ያቀፉ ሁለት የወይራ ዝንጣፊዎች አሉ። የወይራ ማሳ ላጸዳ ሰው ያ ስዕል ብቻ አይደለም። ይኸው ባንዲራ ግዳጅ ላይ የሞተ ሰላም አስከባሪ ሬሳ ሳጥን ላይም ይለበሳል። ዩኒፊል ውስጥ ከ300 በላይ ሞተዋል።

አሁን የጸጥታው ምክር ቤት በ2025 በወሰነው መሠረት ተልዕኮው በ2026 መጨረሻ ያበቃል። ገና ብዙ ባንዲራ ይታጠፋል ማለት ነው።

ይሄን ሳነብ እኛን አሰብኩ። በዚያው በ2006 ጦርነት አንድ ፌስታል አንጠልጥለው በሶሪያ በኩል የወጡ እህቶች ነበሩ። ማዳም ቆልፋባቸው ሄዳ ቦምቡን ብቻቸውን ያዳመጡም ነበሩ። ለነሱ ሜዳሊያ የሰጠ፣ ባንዲራ ላይ የፈረመላቸው የለም። ግን እነሱም እዚያ ነበሩ። የሰው ልጅ አሳድገዋል፣ የሰው አዛውንት ጦመዋል፣ ቤት አቁመዋል።

እኔ የመጀመሪያ ኮንትራቴን ኢቃማ፣ ጊዜው ካለፈ ስንት ዓመቱ፣ አልጣልኩትም። ሻንጣዬ ስር አለ። ሳየው «አዎ፣ እዚያ ነበርኩ» እላለሁ። እናንተስ ውዶቼ፣ ምን አስቀምጣችኋል? ጻፉልኝ።