ዋንጫ የሌለው ዓመት

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት የሻምፒዮኖች ስም ዝርዝር ሲታይ እንደ ነገሥታት የዘር ሐረግ ያለ ነገር ነው። መብራት ኃይል ይቀድማል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ እየደጋገመ ይነግሣል፤ በመካከሉ ሐዋሳ፣ ቡና፣ ደደቢት ይላል። 2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ 2011 መቐለ 70 እንደርታ። 2012 ላይ ግን ስም የለም፤ «ተሰርዟል» ብሎ ያልፋል። ከዚያ 2013፣ ፋሲል ከነማ።

ለማያውቅ ሰው ያ ዓመት ኳስ ያልተነካበት ይመስለዋል። እኔ ዘንድ ግን የዚያ ዓመት ውጤት በእጅ ጽሑፍ የሰፈረበት ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ።

ደብተሩ የጋራ ነበር። እኔና አንድ የመቐለ ልጅ ቀበና አካባቢ አንዲት ጠባብ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እሱ የሕንፃ ሥራ ፎርማን፣ እኔ ጽሑፍ ቸርቻሪ። ወገኖቼ ጎንደሬዎች ስለሆኑ እኔ የአፄዎቹ ደጋፊ ነኝ። እሱ የማን ደጋፊ እንደነበረ መናገር አያሻም። በ2011 ሁለቱ ክለቦች እስከ መጨረሻው ቀን ተናንቀው፣ ፋሲል ሽረ ሄዶ ከስሑል ሽረ ጋር አቻ ሲወጣ መቐለ ዋንጫውን ወሰደ። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ዓመቱን አስቀድሞም ጅማን ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው፤ በሁለት ዓመት በሁለት ክለብ! የዚያን ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ የሆነውን አልተርክም። ሽሮው ያረረው በእኔ ተራ እንደነበረ ብቻ ልናዘዝ።

መቼም ያ ዘመን ለኳሳችን የሰላም ዘመን እንዳልነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። በ2010 ወልድያ ላይ የወልድያና የመቐለ ጨዋታ ሳይጀመር በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ክልል ክለቦች ሲገናኙ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ ይሁን የተባለበት ጊዜ ነበር። ስታዲየም ውስጥ የሚሰማው ስድብ ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እኛ ሁለታችን በአንዲት ሬዲዮ ሥር ተቀምጠን መሰዳደባችን፣ ያውም ስለ ኳስ ብቻ፣ ዛሬ ሳስበው ቀላል ነገር አልነበረም።

የ2012 ውድድር 16 ክለቦች ይዞ ተጀመረ። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእሱ የፎርማን ጽሕፈት፣ በማስመሪያ ተሰምሮ ተደርድረዋል፦ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ ጅማ፣ ፋሲል፣ ጊዮርጊስና ቡና፤ አዲስ ያደጉት ሰበታ፣ ሀዲያ ሆሳዕናና ወልቂጤ፤ ከትግራይ ደግሞ መቐለ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ። ልብ በሉ፤ የአዲስ አበባዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ሊጉ ሲመሠረት የመዲናይቱ መሥሪያ ቤቶች ሜዳ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነ መብራት ኃይል፣ እነ ንግድ ባንክ፣ እነ መከላከያ በ2012 ወርደው ወይም ፈርሰው፣ ቦታውን የየክልሉ ከተሞች ይዘውት ነበር። ካታንጋ ተቀምጦ አገሩን በሙሉ በየሳምንቱ ያይ የነበረ የአዲስ አበባ ተመልካች፣ አሁን አገሩ ያለው ሆሳዕናና ሽረ ነው ተባለ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ስፖርትን ጨምሮ ትልልቅ ስብሰባዎችን ለ15 ቀን አገደ። ሊጉ ገና ግማሹን እንዳለፈ ነበር፤ መሪውም ፋሲል። 15 ቀን ምን አላት ብለን ደብተሩን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥነው። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ቁርጡ መጣ፦ ውድድሩ ተሰርዟል፤ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም፣ አዳጊ የለም።

ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ፈረንሳዮች ሊጋቸውን አቋርጠው ዋንጫውን ለመሪው ለፓሪስ ሰጡ። ሆላንዶች ግን እንደኛ ሰረዙ፤ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በሰፊ ልዩነት ይመራ የነበረው ካምቡር እንኳ ሳያድግ ቀረ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውም ትዝ ይለኛል፦ እ.ኤ.አ. በ1918 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሊደረግ የነበረው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮና በኢንፍሉዌንዛው ምክንያት ወደ 1919 ተላለፈ፤ ብራዚልም በፍሪደንራይክ ጎል ኡራጓይን አሸንፋ የመጀመሪያ ዋንጫዋን አነሳች። ያ በሽታ የኛው የኅዳር በሽታ ነው፤ በ1911 አዲስ አበባን የረፈረፈው፣ ራስ ተፈሪን ራሳቸውን አልጋ ላይ የጣለው፣ እስከ ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበው። ያኔ እኛ ዘንድ የሚሰረዝ ሊግ አልነበረም፤ ጊዮርጊስ እንኳ የተመሠረተው በ1928 ነው።

ጓደኛዬ የተናደደው በሌላ ነው። «አንተ መሪ ስለነበርክ ታለቅሳለህ» አለኝ፤ «የኛ ዋንጫ እኮ ገና አልተነጠቀም። ቀጣይ ሻምፒዮን እስኪመጣ ሻምፒዮን እኛ ነን።» ክርክሩ ውኃ አያነሳም ብዬ ሳቅሁበት። ሥራው በወረርሽኙ ቆሞ ስለነበር በክረምቱ ወደ መቐለ ሄደ። «ሊጉ ሲጀመር እመጣለሁ» ብሎ ፍራሹን እንኳ አላነሳም።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ፈነዳ። ሊጉ ታኅሣሥ ላይ ሲጀመር ክለቦቹ 13 ነበሩ፤ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች አልነበሩም። ፋሲል በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ በላ። የቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው፤ የምኩራራበት ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። ስልኩን ሞከርኩ፤ አይመልስም።

ከዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየው የመቐለ ስልክ ዳግም የተከፈተው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ታኅሣሥ ነው። ደወልኩ፤ አነሳ። ሰላምታችን ረጅም ነበር። የሞቱትን ስም ጠራልኝ፤ እሱም ረጅም ነበር። ከዚያ ዝም አልን።

«ፋሲል በላ አሉ» አለኝ በመጨረሻ።

«በላ፤ በ2013።»

«ያቺ ደብተርስ?»

«አለች።»

«2012ን ለማን ጻፍከው?»

«ለማንም። ባዶ ነው።»

«ባዶማ አይደለም» አለ፤ «ተጫውተናል እኮ።»

ሦስቱ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። ጓደኛዬ አሁንም መቐለ ነው። ውድድሩ እንደተጀመረ ደውሎ አስቀድሞ የጠየቀኝ ግን የመቐለን ውጤት አይደለም፤ «ስሑል ሽረ እንዴት ነው? ፋሲል የሚገጥመውስ መቼ ነው?» ብሎ ነው። ሳቁ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው።