የፔታህ ቲክቫ ሐኪሞችና የታጠፈው የዘር ክር

ከኢየሩሳሌም የወጡ አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1878 በመሠረቷት በፔታህ ቲክቫ፥ በቤይሊንሰን ሆስፒታል፥ ዶክተር ዝቪ ላሮን ቁመታቸው እጅግ ያጠረ የአንድ ቤተ ሰብ ሦስት ልጆችን ከ1958 ጀምረው ሲመረምሩ፥ የእድገት ሆርሞን በደማቸው ጎድሎ ሳይሆን ተትረፍርፎ ስላገኙት፥ ነገሩን በ1966 ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። ጉድለቱ በሆርሞኑ ተቀባይ ጂን ላይ እንደ ሆነ የታወቀው በ1989 ነው።

ይህ በጂኑ ጽሕፈት ላይ የደረሰ ግድፈት ነበረ፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የጂኑ ጽሕፈት ሳይነካ የዘር ክሩ አስተጣጠፍ ብቻ ሲዛባ የሚደርሰው ነው። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የዘር ክር በኅዋስ አስኳል ውስጥ ታጥፎ ሲኖር፥ ሩቅ ያለው አዛዥ ክፍል ከጂኑ ጋር የሚገናኘው በዚያው እጥፋት ስለ ሆነ፥ በ2015 በአይጥ ፅንስ እንደ ታየው፥ በእጥፋቶች መካከል ያለው ወሰን ሲፈርስ አዛዡ የማይገባውን ጂን ይቀሰቅሳል፥ ጣቶችም ያለ ቅርጻቸው ይበቅላሉ።