የመርፌ ቀዳዳና የአዳኝ ጫማ

አዳኝ ከጫማው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ውኃ እንዳያስገባ፣ እግር እንዳይጎዳና ቶሎ እንዳያልቅ። ሦስቱ ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ፤ በሥራ ላይ ሲውሉ ግን አንዱ ሌላውን ይቃረናል። ውኃ ጨርሶ የማያሳልፍ ነገር የእግርን ላብም አያሳልፍም። ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል ተብሎ የወፈረ ቆዳ ይከብዳል፤ ለእግር እንዲመች ተብሎ የሳሳውም በእሾህና በድንጋይ ይቀደዳል። ስለዚህ የዚህ ጫማ ታሪክ ሦስቱን ለማስማማት የተደረገ የብዙ ዘመን ሙከራ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ሙከራ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ የኖረው ደግሞ ቆዳው ወይም ጎማው ሳይሆን ሁለት ቁራጮች የሚገናኙበት ስፌት፣ ይኸውም የመርፌው ቀዳዳ ነው። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን ቀዳዳ በየቀኑ ስለምናየው ልብ አንለውም፤ ታሪኩ ግን በእርሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ይህን ችግር በሚያስደንቅ ጥበብ ከፈቱት ሕዝቦች መካከል በሰሜን አሜሪካ ዋልታማ ምድርና በግሪንላንድ የሚኖሩት ኢኑዊቶች ይገኙበታል። ጫማቸው ካሚክ ይባላል፤ የሚሠራውም አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ነው። የአቆስጣ አዳኝ እንስሳው ለመተንፈስ ብቅ የሚልበትን የበረዶ ቀዳዳ እየጠበቀ ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። እግሩ ከረጠበ ጣቱን፣ ምናልባትም ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ ስፌቱ የቀልድ ነገር አልነበረም። የሚሰፉት ሴቶች መርፌውን በአንደኛው ቆዳ ውፍረት ውስጥ በከፊል ብቻ እያሳለፉ ሌላውን ያያይዙታል፤ ስለሆነም በሁለቱም ቆዳዎች በኩል ከውጭ እስከ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ ቀዳዳ አይኖርም። ክሩ ከእንስሳ ጅማት የተዘጋጀ በመሆኑ ውኃ ሲነካው ያብጥና የተወጋበትን ቦታ ራሱ ይደፍነዋል። ካሚክ ግን እንክብካቤ የሚፈልግ ጫማ ነው። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራልና ሴቶቹ በጥርሳቸው እያኘኩ ያለሰልሱት ነበር። የጫማው ዕድሜ የሚለካው በቆዳው ጥራት ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰቡ ትጋትም ነበር።

በአውሮፓ የተያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ቀዳዳውን በስፌት ብልሃት ከማጥፋት ይልቅ ቆዳውንና ክሩን በቅባት ማጥገብ ተመረጠ። የጫማ ሠሪው ክር በሰምና በዝፍት ይታሻል፤ ቆዳው ደግሞ በሞራ፣ በዓሣ ዘይትና በንብ ሰም ይቀባል። በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው የሩሲያ ቆዳ ነበር። በአኻያ ዛፍ ቅርፊት ከለፋ በኋላ በርች ከተባለው ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ዘይት ስለሚጠጣ ውኃንም ሻጋታንም የሚቋቋም ሆነ። ጥንካሬውን የሚመሰክር አንድ ታሪክ አለ። በዲሴምበር 1786 ሜታ ካታሪና የምትባል መርከብ ከሴንት ፒተርስበርግ ወደ ጄኖቫ ቆዳ ጭና ስትጓዝ በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ወደብ አጠገብ በማዕበል ሰጠመች። ጠላቂዎች ያገኟት በ1973 ነው። ወደ 190 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ በባሕር ጭቃ ተቀብሮ ከኖረው ቆዳ ብዙው ገና ለሥራ የሚሆን ነበርና ታጥቦና ዳግም ቅባት ጠጥቶ ጫማና ቦርሳ ተሠራበት። ቆዳ የማልፋትን ሙያ ዝቅ አድርጎ የሚመለከት ሰው ቢኖር ይህን ታሪክ ማስታወስ ሳይበጅ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ቅባት የጠገበ ቆዳም ጉድለት አለው። ቅባቱ በየጊዜው ካልታደሰ ይነጥፋል፤ ቆዳው ውኃ ከጠጣ በኋላም ክብደቱ ይጨምራል። ረግረግ ሲረግጥ የዋለ አዳኝ ማታ ጫማውን ከእሳት ዳር ሲያስቀምጠው ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። በእሳት ዳር የተበላሸው የጫማ ቆዳ በተራራ ላይ ካለቀው ሳይበልጥ አይቀርም።

መርፌ ጨርሶ የማያስፈልገው ጫማ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በአማዞን ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ ሕዝቦች ከጎማ ዛፍ የሚወጣውን ነጭ ወተት በእግር አምሳል በተሠራ ሸክላ ላይ ደጋግመው ያፈሱና እያንዳንዱን ንጣፍ በጭስ ያደርቁት ነበር። በመጨረሻ ሸክላው ሲሰበር ስፌት የሌለው ወጥ ጫማ ይቀራል። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ይህ ጫማ ከፓራ ወደብ ወደ ቦስተን ከተማ ይጫን ነበር። ገዢው በመጀመሪያ ተደሰተ፤ ከዚያ ግን ጎማው በክረምቱ ብርድ እየደረቀ ይሰበር፣ በበጋው ሙቀት ደግሞ እየቀለጠ ይጣበቅና ይሸት ጀመር። በ1833 የተቋቋመው የሮክስበሪ የጎማ ኩባንያም ዕቃው በሙቀት እየቀለጠ ከፍተኛ ኪሣራ ደረሰበት።

መፍትሔውን ያገኘው ቻርልስ ጉድይር ነው። በ1839 ከድኝ ጋር የተቀላቀለ ጎማ በጋለ ምድጃ ላይ በአጋጣሚ ሲያርፍ እንደ መቅለጥ ፈንታ እንደ ቆዳ ሆኖ ደረቀ። ቮልካናይዜሽን የሚባለው አሠራር ይኸው ነው። የአሜሪካን የባለቤትነት መብት በ1844 አገኘ፤ በእንግሊዝ አገር ግን ቶማስ ሃንኮክ ቀድሞት ነበር። ጉድይር በ1860 ሲሞት ወደ 200,000 ዶላር ዕዳ ነበረበት። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ነገር ይሠራል፤ አባቱ መርፌ የማያስፈልገውን ጫማ ሲያስገኝ፣ የአባቱን ስም የያዘው ልጁ ደግሞ የመርፌውን ሥራ አሻሻለ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ በልጁ አማካይነት ለገበያ የበቃው ማሽን ቶማያውን በጠባብ የቆዳ ጥብጣብ ይሰፋዋል፤ ሶሉ የሚሰፋው ከዚህ ጥብጣብ ጋር ስለሆነ መሬት የሚነካው ስፌት ወደ ጫማው ውስጥ አይዘልቅም። ሶሉ ሲያልቅም ቶማያው ሳይነካ ሌላ ይተካል። የአዳኝ የቆዳ ጫማ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሊተላለፍ የቻለው በዚህ አሠራር ነው።

በሌላ በኩል የጎማ ቦት ጫማ በአውሮፓ እየተስፋፋ ሄደ። አሜሪካዊው ሃይራም ሃችንሰን በ1853 በፈረንሳይ አገር ፋብሪካ አቋቁሞ የእንጨት ጫማ ለለመደው ገበሬ የጎማ ቦት ማቅረብ ጀመረ። በ1856 ደግሞ ሌላው አሜሪካዊ ሄንሪ ሊ ኖሪስ በኤዲንበርግ የኖርዝ ብሪቲሽ የጎማ ኩባንያን መሠረተ። ይህ ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር 1,185,036 ጥንድ ቦት ጫማ እንዳቀረበ ይነገራል።

ወታደሩ አዳኝ ባይሆንም ምሽጉ ስለ ውኃና ስለ እግር ያስተማረው ትምህርት ለአዳኙም ተርፏል። በ1914 እና በ1915 መካከል በነበረው ክረምት በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ቀናትን ያሳለፉ ብዙ ሺህ ወታደሮች እግራቸው እየደነዘዘ፣ እያበጠና እየበሰበሰ ከጦር ግንባር ተነሡ። የምሽግ እግር የተባለው በሽታ ይህ ነው። የጎማው ቦት በመጣ ጊዜ ችግሩ ያበቃ መስሎ ነበር። ነገር ግን ውኃው ከላይ በአንገቱ በኩል ከገባ መውጫ የለውም፤ ላቡም እንዲሁ በውስጡ ይጠራቀማል። ስለዚህ የጦር አዛዦች ጫማውን ብቻ መስጠት እንደማይበቃ ተረድተው ካልሲ በየቀኑ እንዲለወጥ፣ እግር ደርቆ በዓሣ ነባሪ ዘይት እንዲታሽና በመኰንኖች እንዲመረመር አዘዙ። ውኃ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ጠላት አለመሆኑ በዚህ መልክ ታወቀ። ይህን ያህል ሰው ሳይጎዳ ሊታወቅ ይገባው ነበር።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ግን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ክፍለ ግዛት አንድ አዳኝ ወደ ዋናው ነገር ተቃርቦ ነበር። ሊዮን ሊዮንዉድ ቢን በ1872 የተወለደ፣ በ12 ዓመቱ እናትና አባቱን ያጣ ሰው ነው። ኑሮው በልብስ ንግድ፣ ደስታው በአደን ነበር። በ1911 ከአደን እግሩ ረጥቦና በርዶ ሲመለስ አንድ ሐሳብ መጣለት። የቆዳ ቦት ከባድ ነው፣ ይርሳልም፤ የጎማ ቦት አያርስም፣ ነገር ግን ቁርጭምጭሚትን አይደግፍም፣ እግርንም ያልባል። ታዲያ ውኃ የሚነካው የታችኛው ክፍል ወጥ ጎማ፣ የላይኛው ደግሞ ቀላል ቆዳ ቢሆንስ? በአካባቢው የነበረ ጫማ ሰፊ ቆዳውን ከሠራተኞች የጎማ ጫማ ጋር ሰፍቶ ሠራለት።

የሐሳቡ ብልህነት ስፌቱን ማጥፋት ሳይሆን ቦታውን ከፍ ማድረግ ነበር። ረግረግ ውስጥ እግር ከሚጠልቅበት ልክ በታች ምንም ቀዳዳ የለም፤ ቀዳዳው ያለው ከዚያ በላይ ነው። ቢን የሜይን የአደን ፈቃድ ላላቸው የሌሎች ክፍለ ግዛቶች ነዋሪዎች በ1912 ማስታወቂያ ላከ፤ ያልወደደው ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለትም ቃል ገባ። ድርጅቱ እንደሚተርከው ከመጀመሪያዎቹ 100 ጥንዶች 90ዎቹ ተመልሰው መጡ። ምክንያቱ ያው የጥንቱ ነው፤ ስሱ ጎማ የመርፌውን ቀዳዳ መሸከም አቅቶት ከስፌቱ ላይ ተቀደደ። ቢን ገንዘቡን መለሰ፤ ከዚያም ተበድሮ ወደ አንድ ትልቅ የጎማ ኩባንያ ሄደና ስፌት ሊይዝ የሚችል ጠንካራ ግን ቀላል ጎማ አሠራ። በዚህ ላይ የቆመው ንግድ እርሱ በ1967 እስኪሞት ድረስ አብሮት አደገ። ድርጅቱ ዕቃን ያለ ጊዜ ገደብ የመመለስ ዋስትናውን በ2018 ወደ አንድ ዓመት ዝቅ አድርጎታል፤ አንዳንድ ገዢዎች ለረጅም ዘመን ያገለገለ ዕቃ እያመጡ ስላስቸገሩ ነው ይባላል። ከሻጩም ከገዢውም ማን ይበልጥ እንደተለወጠ መፍረዱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

የቢን ጫማ የተወደደበት ሌላው ምክንያት ቅለቱ ነበር። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተመራማሪዎች እንደ ለኩት በእግር ላይ የተጨመረ ክብደት በጀርባ ከተሸከሙት እኩል ክብደት ወደ 5 እጥፍ ከዚያም በላይ ጉልበት ይፈጃል። አዳኙ ይህን ሚዛን ሳይኖረው በጉልበቱ ያውቀው ነበር።

ላቡን የሚያስወጣ፣ ውኃውን ግን የማያስገባ ነገር የተገኘው በ1969 ነው። ሮበርት ጎር የጋለ የቴፍሎን ዘንግ በድንገት ሲጎትት ዘንጉ ተለጥጦ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ሆነ። ቀዳዳዎቹ ለውኃ ጠብታ እጅግ ጠባብ፣ ለእንፋሎት ግን ሰፊ ናቸው። በ1980ዎቹ ይህ ስስ ሽፋን ወደ ጫማ በገባ ጊዜ የመርፌው ቀዳዳ እንደገና ተነሣ፤ ሽፋኑ አብሮ ከተሰፋ ውኃ ያስገባልና። የተገኘው ዘዴ ሽፋኑን እንደ ካልሲ ለብቻው ሠርቶ፣ ስፌቱን ከውስጥ በልዩ ጥብጣብ አሽጎ፣ በቶማያውና በገበሩ መካከል ማስገባት ነው። በእርግጥ ምቹ ነው። ነገር ግን ካልሲው በአሸዋ ወይም በእግር ጥፍር ከተበሳ ሊጠገን አይችልም፤ ውጩ ቆዳ ከረሰ ደግሞ እንፋሎቱ መንገድ ያጣል። ከዚህም ሌላ ከፍሎሪን የተሠሩ አንዳንድ ኬሚካሎች በውኃና በአፈር ውስጥ ሳይበሰብሱ እንደሚቆዩ ስለታወቀ አምራቾች በቅርብ ዓመታት ሽፋኑን በሌላ ዓይነት እየተኩት ይገኛሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአንድ ሳምንት ጉዞ ሽፋን ያለው ጫማ ይመረጣል፤ ለ10 ዓመት ግን ሶሉ የሚለወጥ፣ በደንብ የተቀባ የቆዳ ጫማ ይበልጠዋል። ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ለሚቆም የዳክዬ አዳኝ ከወጥ ጎማ የተሻለ የለም፤ ሁለተኛ ካልሲ ግን በከረጢቱ መያዝ አለበት።

በአገራችንም ጥያቄው ይነሣል። የደጋ አጋዘን በሚኖርበት በባሌና በአርሲ ተራሮች ምድሩ በዝናብ ወራት እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፤ ሌሊቱም ይበርዳል። የውጭ አገር አዳኝ ውድ ቦት ጫማውን እያሰረ ሳለ የአካባቢው ሰው ኮንጎ በሚባለው የላስቲክ ጫማ ዳገቱን ሲወጣ ይታያል። ኮንጎ ውኃ አያስገባም ብሎ የሚከራከር የለም፤ ቢረጥብ ግን ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል፤ ቀላልም ነው። ከሦስቱ ፍላጎቶች አንዱን ፈጽሞ ትቶ ሁለቱን የያዘ ጫማ መሆኑን ልብ ይሏል። ለዚህ ምድር ተብሎ ከአገር ቆዳና ከወጥ ጎማ የተሠራ ጫማ ማውጣት ደግሞ ከሙያችን አቅም በላይ አይመስለንም። የሚያስፈልገው ስፌቱን ከረግረጉ ልክ በላይ ማዋል፣ ፎርማውንም ተራራ በለመደ ሰፊ እግር ልክ መቅረጽ ነው።

ቢን የጀመረው ጫማ ዛሬም በሜይን ይሰፋል። ጎማው ያለቀበት ሰው ጫማውን ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ ሠራተኞቹም አሮጌውን የታች ክፍል ከስፌቱ ላይ ፈትተው ይጥሉና አዲስ ጎማ ከባለቤቱ አሮጌ ቆዳ ጋር ሰፍተው ይመልሱለታል።